የዘንዶው ሥዕል

ምእመናን ሆይ፤ በሰንጋ ተራ በአንድ ቤት ልጆች ተሰብስበው፥ ድሪምወርክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2002 ዓ.ም. ያወጣውን የዘንዶዎች የሥዕል ፊልም ሲያዩ አገኘናቸው። በፊልሙ ሂካፕ የተባለ ልጅ መትቶ የጣለውን ዘንዶ ራሱ ጠግኖ ይወዳጀዋል። ታናሹ ሕፃን በግድግዳው ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አመልክቶ፥ «ይህኛውን ስለ ምን ወጋው?» ሲል ጠየቀን። እናቱ ልትገሥጸው ቃጣች፤ ጥያቄው ግን ተግሣጽ የሚገባው አልነበረም።

ዘንዶ ሁሉ ጠላት ነው ብንለው የደብረ ዳሞ ታሪክ ይቃወመናል፤ ጥቅምት 14 ቀን በዓላቸውን የምናከብርላቸውን አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው ያወጣቸው፥ ገድላቸው እንደሚነግረን፥ በእግዚአብሔር ፈቃድ የታዘዘ ዘንዶ ነውና። የቤሩቱ ዘንዶ የተወጋው ግን ሰዎች እየሰገዱለት ልጆቻቸውን ስለ ገበሩለት ነው። ይህንኑ ለሕፃኑ ነገርነው።

እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዲያው ያ ትልቁ ነው» አለን። በእውነትም በፊልሙ መጨረሻ ሌሎቹን ዘንዶዎች በፍርሃት ምግብ የሚያስገብር አንድ ታላቅ ዘንዶ አለ፤ ልጁም ከወዳጁ ጋር እርሱን ሲዋጋ እግሩን ያጣል። እኛ ይህን አላስተዋልንም ነበር። ከሥዕሉ አቅርበን በዛፉ ላይ ሆና የምትጠባበቀውን ብሩታዊትን አሳየነው።