መሬቱና መስመሩ፦ ስለ ፖለቲካዊ ጂኦግራፊ ጥቂት ነጥቦች

ወደ ጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ስመደብ «ወንዝና ተራራ ልትቆጥር ነው?» እያሉ የሚቀልዱብኝ ጓደኞች ነበሩ። ፖለቲካዊ ጂኦግራፊ የተባለውን ኮርስ ከወሰድኩ በኋላ ግን መልሱን አገኘሁት። ወንዙና ተራራው የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ በላዩ ላይ መስመር የሚያሰምረው ግን ሰው ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍም የመንግሥታትን፣ የምርጫንና የኃያላንን ዕጣ የሚወስነው መሬቱ ብቻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ የሚደረገው የሰው ውሳኔ ጭምር መሆኑን በሦስት ምሳሌዎች ለማሳየት እሞክራለሁ።

1. የአገር ድንበር

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይላል ያገራችን ሰው። የመንግሥታትም ጠባይ ከዚህ አይለይም። ኢትዮጵያና ኤርትራ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ጦርነት ሲገጥሙ እሳቱ የተጫረው ባድመ ላይ ነበር። ባድመ ነዳጅ የሚፈልቅባት ወይም ወደብ ያላት ቦታ አይደለችም። ታዲያ ምን አጣላ? ከምክንያቶቹ አንዱ ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 የተዋዋሏቸው ውሎች ድንበሩን በወረቀት ላይ ቢገልጹትም መሬት ላይ ምልክት ተተክሎለት አለመካለሉ ነው። በጦርነቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። የድንበር ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2002 ውሳኔውን ሰጠ፤ ባድመም በውሳኔው መሠረት የኤርትራ ሆነች። ሁለቱ መንግሥታት የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱን ያወጁት ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ነው። ከዚህ የምንማረው መስመር በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ ድንበር እንደማይሆን ነው። በሁለቱም ወገን ያሉት ካልተቀበሉት ቀለሙ ቢደርቅም ጠቡ አይደርቅም።

2. የምርጫ ክልል

መስመር በአገር ውስጥም አለ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በአንድ የምርጫ ክልል ካሉት ዕጩዎች አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው። እንግዲህ የምርጫ ክልሉ ወሰን የት ላይ ያርፋል የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም ማለት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። እኩል መራጭ ያላቸው 15 ቀበሌዎች አሉ እንበል። 9ኙ ፓርቲ «ሀ»ን፣ 6ቱ ፓርቲ «ለ»ን ይደግፋሉ። አምስት አምስት ቀበሌ አድርገን በ3 የምርጫ ክልል እንከፍላቸዋለን። በየክልሉ 3 የ«ሀ» እና 2 የ«ለ» ቀበሌ ብናደርግ «ሀ» ሦስቱንም ወንበር ይወስዳል። አሁን ደግሞ 5 የ«ሀ» ቀበሌዎችን በአንድ ክልል እንሰብስብና በቀሩት ሁለት ክልሎች 2 የ«ሀ» እና 3 የ«ለ» ቀበሌ እናድርግ። «ለ» 2 ለ1 ያሸንፋል! መራጩም ያው፣ ድምፁም ያው፤ የተለወጠው መስመሩ ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ነው። የማሳቹሴትስ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጌሪ እ.ኤ.አ. በ1812 የፈረመው አከላለል ከወለዳቸው ክልሎች አንዱ ሳላማንደር የተባለውን እንሽላሊት መሰል እንስሳ ይመስል ስለነበር «ጄሪማንደሪንግ» ተባለ። በፕሬዚዳንት ምርጫ ደግሞ የክፍለ ግዛት ወሰን ራሱ ለውጥ ያመጣል፤ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ያሸነፈ ሰው የዚያን ክፍለ ግዛት ወኪል መራጮች በሙሉ ይወስዳልና። እ.ኤ.አ. በ2000 አል ጎር በአገር አቀፍ ደረጃ ከ500,000 በላይ ብልጫ ቢያገኝም ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ አጣ፤ ጆርጅ ቡሽም 271 ለ266 አሸነፈ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ ሳለ ፕሬዚዳንት የሆነው ዶናልድ ትራምፕ ነው።

3. የባሕር መተላለፊያ

እስካሁን ያየነው ሰው ያሰመረውን መስመር ነው። ተፈጥሮ ራሷ ያበጀችው ጠባብ በርስ? እዚህ ጋ «ጂኦግራፊ ዕጣ ፈንታ ነው» የሚሉ ሰዎች ባብ ኤል ማንደብን ይጠቅሳሉ። ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚያገናኘው ይህ ሰርጥ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ ወዲህ የአውሮፓና የእስያ ንግድ ዋና መንገድ ሆኗል።

ግን የሰርጡን ሁለት ዳርቻዎች እናወዳድር። እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ የወጣችው ጅቡቲ አቀማመጧን ገበያ አውጥታዋለች፤ ፈረንሣይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓንና ቻይና የጦር ሠፈር አላቸው። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ ስትወጣ የባሕር በር ያጣችው ኢትዮጵያም፣ በተለይ ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ አሰብ ስለተዘጋባት፣ አብዛኛውን የውጭ ንግዷን በጅቡቲ በኩል ታካሂዳለች። ማዶ ያለችው የመን ግን በዚያው ውኃ ዳር ተቀምጣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በእርስ በርስ ጦርነት ደቀቀች። ሁቲዎች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ በኩል ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። አንዱ ሰርጥ ለአንዱ ዳርቻ ኪራይ፣ ለሌላው መሣሪያ ሆነ። ቦታው ዕድል ይሰጣል፤ በዕድሉ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ግን አስተዳደር ነው።

ማጠቃለያ

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ጉዳዩ እኛንም ስለሚመለከት ነው። ከመካከላችን ነገ በካርታ ሥራ፣ በመሬት አስተዳደር፣ በወረዳ ፕላን የሚቀጠሩ አሉ። በ1:50,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። የእርሳሳችን ውፍረት የአንድን ቤተሰብ ቤት ከነጓሮው ወዲህ ወይም ወዲያ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ ቋንቋ፣ ማንነትና ፈቃድ ላይ በመመሥረት ነው ይላል። ሦስቱን በጥናትና በቆጠራ ልናገኛቸው እንችል ይሆናል። ፈቃድን ግን ጂፒኤስ አይለካውም። ስለዚህ እርሳሱን ከማንሳታችን በፊት እዚያው ድረስ ሄደን ነዋሪውን መጠየቅ አለብን እላለሁ።