ለቡድናችን ድጋፍ የማንን በር እናንኳኳ?

ጥያቄ፦ በድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሙዚቃና የቴአትር ቡድን አለን። የልምምድ ቦታና ድጋፍ ለማግኘት ወደ ከተማዋ ምክር ቤት እንሂድ ወይስ ወደ አስተዳደሩ ቢሮ?

መልስ፦ ወደ ሁለቱም ሂዱ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 416 መሠረት፣ ምክር ቤቱ ከንቲባውን ይመርጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። አዳራሽ መፍቀድና ገንዘብ መክፈል የአስፈጻሚው ድርሻ ነው። ስለዚህ ማመልከቻችሁን የባህል ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ አስገቡ፤ ግልባጩን ይዛችሁ የአካባቢያችሁን የምክር ቤት አባል አነጋግሩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከግንቦት አትዘግዩ።

ስታስረዱም «ጥበብ ይደገፍ» በማለት ብቻ አትወሰኑ። አንድ የምሽት ዝግጅት ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ለሻይ ቤቱ፣ ለሆቴሉና ለድምፅ መሣሪያ አከራዩ ገቢ መሆኑን አስሉና አሳዩ። ድሬ ዳዋ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት፤ በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን የተነሣውና ድምፃዊው ዓሊ ቢራ የወጣውም ከዚሁ ገበያ መሃል ነው። ያ ትውልድ የመንግሥት በጀት አልነበረውም። እናንተ ግን የምትጠይቁት የመረጣችሁት ምክር ቤት አላችሁ፤ ጠይቁት።