ከባሕር ሣር ስለሚሠራ የቁስል ፋሻ

በስኳር በሽተኛ እግር ላይ የሚወጣ ቁስል ቶሎ ስለማይሽር አንዳንድ ጊዜ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ቁስል በአየር ደርቆ ይድናል የሚለው አሳብ የቆየ ቢሆንም፣ ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ከደረቀው እጥፍ ያህል ፈጥኖ ቆዳ እንደሚለብስ አስረዳ። ከቡናማ የባሕር ሣር የሚሠራው አልጂኔት የተባለው ፋሻ ይህንኑ እርጥበት ይጠብቃል፤ በክሩ ያለው ካልሲየም በቁስሉ ፈሳሽ ካለው ሶዲየም ጋር ሲለዋወጥ፣ ክሩ ፈሳሹን መጥጦ እንደ ተነከረ ተልባ ይዝለገለጋል። የሚስማማውም ፈሳሽ ለሚበዛበት ቁስል ነው፤ በደረቅ ቁስል ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ አስመጪው ነጋዴ «የቁስል ፋሻ» ብሎ ብቻ ከማዘዝ ይልቅ ሐኪሞችን ጠይቆ ዓይነቱን ለይቶ ይጻፍ፤ ማሸጊያው የተቀደደውንም አይረከብ። ዋጋው ከተራው ፋሻ ይበልጣል፤ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ስለማይለወጥ ሒሳቡ በሳምንት ቢታሰብ ይሻላል።