የጤና ኢንሹራንስ፤ በግል የሚገዛውና በአሠሪ የሚሰጠው

ነጋዴ ለመጋዘኑና ለጭነቱ ኢንሹራንስ መግባቱ የቆየ ልማድ ነው። ሸቀጡን የሚሸጥለት ሠራተኛ ቢታመም ግን የሕክምናው ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገር የአሜሪካ ታሪክ መልካም ትምህርት ይሰጠናል፤ በዚያ አገር ሁለቱም ዓይነት ኢንሹራንስ ጎን ለጎን ይገኛሉና። (ስለ አሜሪካ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1929 በዳላስ ከተማ የሚገኙ መምህራን በየወሩ 50 ሳንቲም እየከፈሉ፥ በቤይለር ሆስፒታል በዓመት እስከ 21 ቀን ተኝተው ለመታከም ተዋዋሉ። በ1942 በጦርነቱ ምክንያት የደመወዝ ጭማሪ በሕግ ሲገደብ፥ አሠሪዎች ሠራተኛን ለመሳብ በጭማሪው ፈንታ የጤና ኢንሹራንስ መስጠትን አበዙ። የ1954 የግብር ሕግም አሠሪው የሚከፍለው መዋጮ በሠራተኛው ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንዳይከፈልበት አጸና።

የኢንሹራንስ ምሥጢሩ መደባለቅ ነው። ለምሳሌ 100 ሰዎች በዓመት ለሕክምና በጠቅላላው 10,000 ብር የሚያወጡ ቢሆን፥ ለእያንዳንዱ 100 ብር ይደርሰዋል። ጤነኞቹ 50 ሰዎች ቢወጡና ወጪው 9,000 ብር ቢሆን፥ የቀሩት እያንዳንዳቸው 180 ብር ይከፍላሉ። ይህም ሲከብዳቸው ከቀሩት መካከል ሻል ያሉት ደግሞ ይወጣሉ። ሰው እድር የሚገባው ሐዘን በደረሰበት ዕለት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ እድር የሚባል ነገር ባልቆመም ነበር።

በአንድ ድርጅት የሚሠሩ ሰዎች የተሰበሰቡት ለሥራ እንጂ ስለ በሽታ ስላልሆነ፥ ጤነኛውና ሕመምተኛው በአንድነት ይገኛሉ፤ የአሠሪ ኢንሹራንስ ብርታቱ ይህ ነው። ድካሙ ደግሞ፥ ሥራውን የለቀቀ ሰው ኢንሹራንሱንም ማጣቱ ነው። በግል የሚገዛው ከሥራ ጋር አይታሰርም፤ ነገር ግን ቀድሞ በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ኩባንያው የገዢውን ጤና መርምሮ ሊከለክለው ወይም ዋጋውን ሊያስወድድበት ይችል ነበር።

በ2010 የወጣው የማሻሻያ ሕግ ይህን ክልከላ ከ2014 ጀምሮ አስቀረ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ገዢዎችም የመንግሥት ድጋፍ አደረገ። 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ኢንሹራንስ እንዲያቀርብ፥ ባያቀርብ መቀጫ እንዲከፍል ታዘዘ፤ ከዚያ በታች ያለው ትንሽ ነጋዴ ግን አልተገደደም። ከ2020 ወዲህም አሠሪው ገንዘቡን ከግብር ነፃ ሰጥቶ፥ ሠራተኛው ኢንሹራንሱን በግሉ እንዲገዛ የሚፈቅድ ደንብ አለ።

በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቷል፤ መሠረቱም የአሠሪና የሠራተኛ መዋጮ ነው።

እንግዲህ ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ ለመግባት የሚያስብ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አባላቱ ስንት ናቸው? ሠራተኛው ሥራ ቢለቅ ምን ይሆናል? ዋጋውስ ከታመመ በኋላ ይጨምራልን? መዋጮውንም እንደ ችሮታ ሳይሆን እንደ ደመወዝ ክፍል ቆጥሮ በመዝገቡ ያስፍር፤ ሠራተኛው በላቡ ያገኘው ነውና።