የሶኬት ሽቦ ስንት ቁጥር ይሁን?

ዛሬ የምንማረው ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ውፍረት ነው። የምናነባቸው ቁጥሮች ሦስት ናቸው፤ 1.5፣ 2.5 እና 4። እነዚህን ለይቶ ያነበበ ሰው ሽቦ ሲገዛ አይታለልም፤ ቤቱንም ከቃጠሎ ያድናል።

ነገሩን ከእንጦጦ እንጀምር። ከተራራው ወደ የካ ሚካኤልና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚያወርደው መንገድ እናቶቻችን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ኖረዋል። ሸክሙ ወገብ ያጎብጣል። ቅጠሉና ጭራሮው ምጣድ ሥር የሚነድ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ሲገባ ትልቅ ዕረፍት ነው። ግን ምጣዱ ኃይል በጣም ይበላል። በቀጭን ሽቦ ከቀጠልነው መዘዝ ያመጣል።

በየካ ተረተር ላይ ባለ አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። የምጣዱ ሶኬት የተቀጠለው ከመብራት ሽቦ ላይ ነበር። ሦስት አራት እንጀራ እንደ ወጣ የሚነድ ላስቲክ ሸተተን። የቤቱ እመቤት «ምጣዱ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቀዋል» አሉ። እኔም ተማሪ ነኝ ባዩ አመንኩ። ኋላ ስፒናውን ብነካው መዳፌን አቃጠለኝ! ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ጭድ አለ፤ ከጭቃው ሥር ደግሞ የደረቀ የባሕር ዛፍ ማገር። ሽቦው የተኛው በዚያ ማገር ላይ ነበር። ቶሎ ስላጠፋነው ተረፈ።

ሽቦው ለምን ጋለ? ገመድ በመዳፋችሁ መካከል በፍጥነት ሲጎተት ያቃጥላችኋል አይደል? ኤሌክትሪክም በሽቦ ውስጥ ሲሮጥ ሽቦውን ያሞቀዋል። ሽቦው ወፍራም ከሆነ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ነው። ቀጭን ከሆነ ግን ይጋፋል፤ ሽቦው ይግላል፤ የላስቲክ ልባሱ ይቀልጣል። የሚሮጠው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ይኼን ልብ በሉ።

የሚሮጠው ኤሌክትሪክ መጠኑ በአምፔር ይለካል። ማስላቱ ቀላል ነው። በዕቃው ላይ ዋት ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ፈልጉ፤ ለ220 አካፍሉት። 220 ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ ቮልት ነው። ምጣዱ 3500 ዋት ቢሆን፣ 3500 ሲካፈል ለ220 ወደ 16 ይመጣል። 16 አምፔር ማለት ነው። ባለ 10 ዋት አምፑል ግን ከአንድ አምፔር ሃያኛውን እንኳ አይሞላም። አንድ ምጣድ የ350 አምፑል ያህል ይበላል ማለት ነው'ኮ!

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። በሽቦው ልባስ ወይም በጥቅሉ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ሽቦው ቀጥ ተደርጎ ሲቆረጥ የሚታየው የመዳቡ ፊት ስፋት ማለት ነው። ነጥቧን አትዝለሏት። 2.5 ሁለት ተኩል ነው እንጂ ሃያ አምስት አይደለም።

1.5 ለመብራት ነው፤ ባልቦላው 10 አምፔር ይሁን። 2.5 ለሶኬት ነው፤ ባልቦላው 16። ለምጣድ ደግሞ 4 ያስፈልጋል፤ ባልቦላው 20። የምጣዱ መስመር ከባልቦላው ተነሥቶ ለብቻው ይምጣ፤ ሌላ ሶኬት አይቀጠልበት። ተራው ሶኬትና ስፒና የሚችለው እስከ 16 አምፔር ነው። ምጣድ እዚያው ጠርዝ ላይ ስለሚሠራ ስፒናው ቶሎ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ምጣዱ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ኖሮት ያለ ስፒና ቢያያዝ ይሻላል። በሶኬትም በምጣድም መስመር ሦስተኛ ሽቦ አይቅር፤ ቢጫና አረንጓዴው ወደ መሬት የሚወርደው ነው።

የቦታ ርቀትም አለ። በእኛ ተዳፋት ላይ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ይርቃል። 40 ሜትር ቢሆን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ይመለሳልና 80 ሜትር መዳብ ያቋርጣል። በ1.5 ሽቦ 16 አምፔር ብትልኩ 240 ዋት ገደማ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ በ4 ሽቦ ግን ወደ 90 ይወርዳል። ሙቀቱን ቆጣሪው ይቆጥረዋል፤ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ርቀቱ ከዚህ ከበለጠ 6 ግዙ።

ሽቦው ላይ 2.5 ተጽፎ ውስጡ ቀጭን የሆነ አለ። እንዴት ይታወቃል? ገና ያልተቀጠለውን፣ ባለ አንድ ዘንግ የሆነውን ሽቦ ሁለት ስንዝር ያህል ላጡት። በእርሳስ ላይ 10 ጊዜ አስጠግታችሁ ጠምጥሙና በማስመሪያ ለኩት። እውነተኛው 2.5 ጥምጥሙ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 14 ከሆነ 1.5 ነው የሸጡላችሁ። ደግሞ በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና መልሱት። አሉሚኒየም ተመሳሳይ ውፍረት ኖሮት ከመዳብ ይበልጥ ይግላል።

አንድ ክፉ ልማድ አለ። ባልቦላ ሲቃጠል ምስማር ወይም ወፍራም ሽቦ የሚያገባ ሰው አለ። ባልቦላው የተሠራው ከሽቦው ቀድሞ እንዲቃጠል ነው። በምስማር ከተካችሁት ቀድሞ የሚቃጠለው በማገሩ ላይ ያለው ሽቦ ነው። ባልቦላ በተደጋጋሚ ከወደቀም «ትልቅ ይግባ» አትበሉ፤ ምን እንደጫናችሁበት ቁጠሩ። ቁጥሩን ማንበብና መምረጥ የእናንተ ነው፤ ቅጠላውን ግን ሙያተኛ ይሥራው። ማኅተም ያለበትን ቆጣሪ ማንም አይነካካ፤ እሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው።

መልመጃ፦ ወይዘሮዋ 3500 ዋት ምጣድ ጥደዋል። በዚያው መስመር ላይ 1500 ዋት ምድጃ ለወጥ ሊቀጥሉ ፈለጉ። መስመሩ 4 ነው፤ ባልቦላው 20። ይቀጥሉ?

መልስ፦ ምድጃው 7 አምፔር ገደማ ይስባል። 16 ሲደመር 7 ይሆናል 23። ከ20 ይበልጣል፤ አይቀጥሉ። ወጡ በሌላ መስመር ይሠራ።