ብርዱ ከታች ነው



ባለፈው ታኅሣሥ ብር አዋጥተን ብርድ ልብስ ገዛን፤ ከዒሻ በኋላም በግቢያችን ዙሪያ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች አደልን። ለሱብሒ ስንወጣ አንድ አባት የሰጠናቸውን ብርድ ልብስ አጥፈው ከሥራቸው አንጥፈውት፣ ከላይ ስስ ኮት ብቻ ለብሰው ሲንቀጠቀጡ አገኘናቸው። «አባባ፣ ለምን አልለበሱትም?» ስንላቸው «ልጆቼ፣ ብርዱ ከታች ነው» አሉን። ስለ ሙቀት መተላለፍ ተምረን ፈተና ያለፍን ተማሪዎች ይህን ከእሳቸው ተማርን።

ጀሪር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ከሙዶር ነገድ የሆኑ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ በቂ ልብስ የሌላቸው ሰዎች ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ችግራቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ካሰገዱ በኋላ ሰዉ ሶደቃ እንዲሰጥ አነሳሱ። አንድ አንሷሪ እጁ መሸከም ያቃተውን ከረጢት ይዞ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ሆነ። ያኔ ፊታቸው በደስታ አበራ። ልብ እንበል፤ የተሰበሰበው ምግብ ብቻ አልነበረም፤ የታረዙት ልብስም አገኙ። ሶደቃ የተቸገረውን ሰው ችግር አይቶ መስጠት ነው።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የሚያሞቀን ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በውስጡ የተያዘው አየር ነው። የተኛንበት ብርድ ልብስ ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣል፤ የሰውነት ሙቀት ወደ አስፋልቱ ይሄዳል። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ እርጥብ ልብስ ጠላት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ እናድርግ፦

1. ከታች፦ እርጥበት እንዳይገባ ላስቲክ ወይም ማዳበሪያ፣ በላዩ ሦስት አራት ድርብ ደረቅ ካርቶን። ካርቶን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ጥሩ ፍራሽ ነው፤ ከሱቆችም በነጻ ይገኛል።
2. ከላይ፦ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ፤ ለንፋስና ለጤዛ ደግሞ ሸራ። ፊት በላስቲክ አይሸፈን።
3. ለሰውነት፦ ኮፍያ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ተደራራቢ ልብስ።
4. በላስቲክ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል እንደሚገድል በትሕትና እንንገራቸው።
5. አንደበቱ የተሳሰረ፣ ግራ የተጋባ ወይም መንቀጥቀጡ ያቆመና የደነዘዘ ሰው ካየን ጉዳዩ ለነገ አይባልም። እርጥብ ልብሱን አውልቀን፣ በደረቅ ጠቅልለን ቶሎ ጤና ተቋም እናድርሰው።

አዳቡንም አንርሳ። የተኛን አንቀስቅስ፤ ፎቶ አናንሳ፤ ሃይማኖቱን አንጠይቅ። «እናቴ፣ ምን ጎደለዎት?» ብለን እንጀምር። ከመስጠታችን በፊት ብንጠይቅ ኖሮ እኚያ አባት ያን ሌሊት ባልተንቀጠቀጡ ነበር።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።