ቆይ፣ አታጥፊው

ቆይ፣ አታጥፊው! እጅሽን ከዚያ ቁልፍ ላይ አንሺና ወንበርሽን ትንሽ ሳብ አድርጊልኝ፣ እኔም ልየው። አክስታችን አይደሉም እንዴ ከሙሽሮቹ ጎን የተቀመጡት? ፊታቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ በረዶ ውስጥ ያደሩ ይመስላሉ። እንደደነገጥሽ ይታወቀኛል። ግን ጥፋቱ የዳሱ ሸራ ነው። እዚህ ብድሬ ስንቱ ሠርግ በሰማያዊ ሸራ ሥር እንደሚደገስ አንቺው ታውቂያለሽ። ፀሐይዋ ሸራውን አልፋ ስትገባ ቀለሙን ይዛ ትገባለች፤ ፊት፣ ቬሎ፣ ዳቦ ሳትመርጥ ትቀባለች። ሰው ግን ዳስ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ዓይኑ ይለምደዋል፣ ነጩም ነጭ ሆኖ ይታየዋል። ካሜራሽ እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም።

በምንድን ነው ያነሳሽው? በሮው? ተመስገን! እንግዲያው ሠርጉ አልጠፋም።

እኔን ያየ ይቀጣ። መጀመሪያ ጎባ ላይ ሠርግ ሳነሳ ካርዱ ቶሎ እንዳይሞላብኝ ብዬ ሁሉንም በጄፔግ፣ ያውም በትንሹ መጠን አነሳሁት። ሸራው አረንጓዴ ነበር። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስከፍት ሚዜዎቹ በሙሉ የጎመን ቀለም ይዘው ጠበቁኝ። አረንጓዴውን ስቀንስ ፊታቸው ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ስመልሰው ደግሞ ጎመኑ ይመለሳል። በመጨረሻ አልበሙን በጥቁርና ነጭ ሠርቼ «አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው» ብዬ አስረከብኩ። ሙሽራዋ አመነችኝ፤ እናቷ ግን አላመኑኝም፣ አስተያየታቸው እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ለምን ማስተካከል እንዳቃተኝ በኋላ ነው የገባኝ። የካሜራው ሴንሰር ለራሱ ቀለም አያይም፤ የሚቆጥረው የብርሃን ብዛት ብቻ ነው። ቀለም እንዲለይ በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጥለያ ተደርጎባታል። በየአራቱ ነጥብ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ናቸው፤ ዓይናችን ዝርዝር ነገር የሚለየው ይበልጡን በአረንጓዴው በኩል ስለሆነ ነው። ይህን አደራደር ኮዳክ ይሠራ የነበረው ብራይስ ባየር ነው ያወጣው፤ የፈጠራ መብቱ በ1976 እ.ኤ.አ. ተሰጠ። ሮው ማለት እንግዲህ ያ ቆጠራ ሳይነካ ሲቀመጥ ነው። ጄፔግ ሲሆን ግን ካሜራው ራሱ «ነጩ ይህ ነው፣ ጥላው ይህን ያህል ይጥቆር» ብሎ ይወስንና የቀረውን ቆጠራ ይጥለዋል።

በቡና ላስረዳሽ፣ የሐረና ጫካ ቡና እየጠጣን አይደል ያደግነው። ሮው ጥሬ ቡና ነው፤ ለስላሳ ብትቆይው፣ አክርረሽ ብትቆይው ያንቺ ፋንታ ነው። ጄፔግ አቦል ነው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ መጥቷል፣ ጠጪው። ያንን ጄፔግ ከፍተሽ አስተካክለሽ እንደገና ጄፔግ አድርገሽ ስታስቀምጪው ደግሞ ቶና ሆነ፤ በየጊዜው ሲጨመቅ ትንሽ ትንሽ ይቀጥናል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላክሽው በረካ ነው። በረካ ይጠጣል፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ከእሱ አቦል አይወጣም።

ቁጥሩንም ያዢው፣ ደንበኛ ሲከራከርሽ ይጠቅምሻል። ጄፔግ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው። ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። ለዚህ ነው የጨለመ ጥግ ወደ ላይ ስትስቢ ሮው የሚታዘዝልሽ፣ ጄፔጉ ደግሞ እንደ ተሰነጠቀ ግድግዳ መስመር የሚያወጣብሽ። ሮው ቦታ ይበላል፤ በባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱ ፎቶ ከ25 ሜጋባይት በላይ ሊሆን ይችላል። ካርድ ይገዛል፣ እህቴ። ሠርግ ግን አይደገምም።

አሁን ወደ ነጩ እንሂድ፤ ኋይት ባላንስ የሚሉት። አምና ከሮቤ ስመጣ የሆነውን ልንገርሽ። ከጎባ ወጥተን ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደመናው ጅብራውን እየሸፈነ ሳለ አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር አይጥ እያደባ አገኘን። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶቹ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እዚሁ ባሌ ናቸው። እነሱ የሚኖሩበት ብሔራዊ ፓርክም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ቀበሮዋን ስታዪያት ብዙ ጊዜ ብርቱካን ሆና ነው። ፎቶ አንሺው የደመናውን ሰማያዊነት ለማካካስ ሙቀቱን ሲጨምር እጁ አመለጠው ማለት ነው። የእኔ ደግሞ በተቃራኒው ሰማያዊ ሆና ደብዝዛ ነበር፤ ካሜራዬን በቀትር ፀሐይ ቁጥር ትቼው ኖሯል።

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የድሮው አምፖል 2,700 ወይም 3,000 ነው፣ ቢጫ። የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ። ደመናና ጥላ 7,000 አልፎም ይሄዳል፣ ሰማያዊ። የሚያምታታው ይሄ ነው፦ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ ፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም ላይ ግን ቁጥሩን ስትጨምሪ ፎቶው ይሞቃል። ፕሮግራሙ «ብርሃኑ ይህን ያህል ሰማያዊ ነበር» ስትዪው በዚያው ልክ ቢጫ እየጨመረ ስለሚያካክስልሽ ነው።

ነጩን ለማስያዝ የሙሽራዋን ቬሎ ወይም የእናቶችን ነጠላ አትጫኚ። በኦሞ የታጠበ ነጭ ልብስ የሚያበራ ኬሚካል አለው፤ ፀሐይ ሲመታው ራሱ ሰማያዊ ያወጣል፣ አንቺ ደግሞ እሱን ነጭ ነው ብለሽ ፊቱን ሁሉ ቢጫ ታደርጊዋለሽ። ግራጫ ካርድ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ዳሱ ውስጥ እንደገባሽ አንድ ልጅ አስይዘሽ አንዴ አንሺው፤ በኋላ ነጩን ለማስያዝ እሱን ትጫኚያለሽ፣ አለቀ።

ከሁሉም በላይ ግን ፊት ነው። እኛ ጠይም እንላለን፣ የቀይ ዳማ እንላለን፣ ጥቁር እንላለን፤ ካሜራ እነዚህን ቃላት አያውቅም። የሚለካው ያየው ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ነው። ቬሎ ሲሞላበት በዛ ብሎት ያጨልማል፣ ጠይሟም ከሰል ትሆናለች። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ሲሞላበት ያበራል፣ ፊቱም አመድ ይሆናል። ስለዚህ ነጭ ሲበዛ ትንሽ ጨምሪ፣ ጥቁር ሲበዛ ትንሽ ቀንሺ፤ የነጠላው ጥልፍ እንዳይቃጠል ደግሞ የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየውን ሂስቶግራም እያየሽ። ከተቃጠለ ሮውም አያድንሽም።

ይህ የፊት ነገር የቆየ ታሪክ አለው። በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉታል። የማጠቢያው ማሽን ለእሷ ቆዳ ተስተካክሎ የሌላውን ሰው ሁሉ ያጥብ ነበር። ቡናማውን እንዲያሻሽሉ መጀመሪያ የጎተጎቱት ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ፣ ምርታችን በማስታወቂያ አላማረም ብለው። እዩልኝ እንግዲህ!

ስልክሽ ፊት ሲያነጣ ዝም አትበዪ የምልሽ ለዚህ ነው። ደንበኛ «ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» ስትልሽ ፈገግ በይና ብርሃኗን አስተካክዪላት፤ ብዙውን ጊዜ የጎደላት ብርሃን እንጂ ቅላት አይደለም። ስታስተካክዪ ዓይንሽ ከደከመ ቁጥሩን እዪ። በደህና ብርሃን የማንም ሰው ቆዳ፣ የጥቁሩም የቀዩም፣ ቀዩ ቁጥር ይበልጣል፣ አረንጓዴው ይከተላል፣ ሰማያዊው መጨረሻ ነው። ይኸው፣ ማውሱን የአክስታችን ጉንጭ ላይ አድርጊው። ሰማያዊው አንደኛ ወጥቷል፣ አየሽ?

ስታሳጥቢ ደግሞ ፋይሉን ኤስአርጂቢ አድርገሽ አውጪ። አዶቤ አርጂቢ ሰፋ ያለ ቀለም ይይዛል ብለው ይመክሩሻል፤ እውነት ነው፣ ግን ማሳጠቢያው ካላወቀው ሁሉም ደብዝዞ ይወጣል። ፎቶውን ወደ ሮቤ ስትልኪ በፍላሽ ላኪ፣ ወይም በቴሌግራም እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ተልኮ 6,000 ፒክስል የነበረው ወደ 1,280 ከወረደ ጥርት ብሎ የሚታጠበው እስከ 10 ወይም 11 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ የሠርግ ፎቶ ደግሞ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው።

በይ፣ መብራት ሳይሄድብን። ኬልቪኑን ወደ ላይ ግፊው። ጨምሪ። 9,000 አድርሺው፣ አትፍሪ። ትንሽ ሐምራዊ ቀንሺ… እዚያ ጋ! መጡ፣ ጠይሟ አክስታችን። ከኋላ ከዳሱ ውጭ ያለው ግቢ ብርቱካን ሆነ? ይሁን፣ እሱን ለብቻው እንመለስበታለን።